ዙላ ላይ የተሰበሰበው ማኅበር

አላን ሙር የሚባል እንግሊዛዊ ደራሲና ኬቨን ኦኒል የሚባል ሰዓሊ በ1999 አንድ ስዕላዊ ልብ ወለድ ማሳተም ጀመሩ። ርዕሱ «ዘ ሊግ ኦፍ ኤክስትራኦርዲነሪ ጀንትልመን» ነው፤ «የልዩ ጌቶች ማኅበር» ልንለው እንችላለን። (ዓ.ም. ብዬ ካልጻፍኩ በቀር ዓመቶቹ ሁሉ የፈረንጆች ናቸው፣ እንዳትምታቱ።) ሐሳቡ ሲሰሙት የልጅ ጨዋታ ይመስላል። በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን በተለያዩ ደራሲዎች የተፈጠሩ የጀብዱ ጀግኖች ሁሉ በአንድ ዓለም ውስጥ የኖሩ ቢሆንስ? ቢተዋወቁስ? መንግሥት ጠርቶ አንድ ላይ ቢያሠማራቸውስ?

ታሪኩ 1898 ላይ ይጀምራል። ከ«ድራኩላ» መጽሐፍ የተረፈችው ሚና አንገቷ ላይ ያለውን ጠባሳ በሻርፕ ሸፍና መሪ ሆና ትመጣለች። የ«ንጉሥ ሰለሞን ማዕድን» ጀግና፣ ዝሆን አዳኙ አላን ኳተርሜይን፣ ካይሮ ውስጥ ኦፒየም አጭሶ ተጋድሞ ይገኛል። ካፒቴን ኔሞ ከነባሕር ሰርጓጅ መርከቡ ይመጣል። ዶክተር ጄኪል ሆዱ ውስጥ ከተሸከመው አቶ ሃይድ ጋር ይመጣል። የማይታየው ሰውዬም አለ፤ የእሱን ጸባይ እዚህ አልጽፈውም፣ ልጆች ያነቡታል። ሁሉንም የሚያዛቸው የስለላ አለቃ «ኤም» ይባላል። መጨረሻ ላይ ማን ሆኖ ይገኛል መሰላችሁ? የሼርሎክ ሆምስ ደመኛ፣ የወንበዴዎች ሁሉ አለቃ ፕሮፌሰር ሞሪያርቲ! (አነበዋለሁ ብላችሁ ያሰባችሁ ይቅርታ።) ሙር በዚህች ቀልድ ምን እያለ እንደሆነ ግልጽ ነው። እነዚህ ጀግኖች ለንግሥቲቱ ክብር ሲሮጡ ከላይ የሚያዛቸው ማን እንደነበር ጠይቁ ነው የሚለው።

በ2003 ሾን ኮነሪ የተወነበት ፊልም ወጥቷል። ፊልሙን ያያችሁ መጽሐፉን እናውቀዋለን እንዳትሉ። ፊልሙ ጀግኖቹን አጥቦ፣ አበጥሮ፣ ሽቶ ቀብቶ ነው ያቀረባቸው። በመጽሐፉ ውስጥ ግን ሁሉም ቁስለኞች ናቸው። ሱሰኛ፣ ፈሪ፣ ቂመኛ፣ እብድ። ተከታታዩ እየቆየ፣ እየተራዘመ ሄዶ በ2019 ተቋጨ፤ ኦኒል በ2022 አረፈ።

መጽሐፉ ወደ እኔ የመጣው በላንጋኖ በኩል ነው። አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ሐይቁ ዳር ካሉት ሎጆች በአንዱ ይሠራል። አንድ እንግዳ ክፍሉ ውስጥ ትቶት የሄደውን የመጀመሪያውን ቅጽ አንብቦ ጨረሰና አመጣልኝ። ከገጸ ባሕርያቱ ግማሹን ያውቃቸዋል፤ እንደ ብዙዎቻችን በቀላል እንግሊዝኛ ተቀንብበው ከተጻፉት፣ ሽፋናቸው በፕላስተር ከተጣበቀው የቤተ መጻሕፍት መጽሐፎች ነው የሚያውቃቸው። እና አንድ ጥያቄ ጠየቀኝ። «ቲቸር፣ ከእኛ አገር አንድ ሰው እንኳ የለበትም እንዴ?»

የለበትም። እኔ ግን ነገሩን ሳብላላው ሌላ ነገር መጣልኝ። እነ ኳተርሜይንን የወለደው ዘመን በእውነተኛው ዓለም እንዲህ ያለ ማኅበር ሰብስቦ ያውቃል፣ ያውም የሰበሰበው እኛው አገር ነው። ቦታው ከምጽዋ በስተ ደቡብ፣ ከጥንቱ የአዱሊስ ወደብ አጠገብ ያለችው ዙላ ናት። ጊዜው የ1868 መባቻ፣ በእኛ 1860 ዓ.ም.።

ምክንያቱን ሁላችሁም ተምራችሁታል፣ ስለዚህ ቶሎ ልለፈው። አፄ ቴዎድሮስ በ1862 ለንግሥት ቪክቶሪያ ደብዳቤ ጻፉ፤ ለንደን ያለው ቢሮ መልስ ሳይሰጥ ፋይል ውስጥ ከተተው። ንጉሡ ተናደው ቆንስል ካሜሮንንና ሌሎች አውሮፓውያንን አሠሩ። እንግሊዝ ጄኔራል ናፒየርን ከሕንድ ጦር ጋር ላከች። 13,000 ያህል ወታደር፣ ከዚያ የሚበዛ ጓዝ ተሸካሚ፣ መድፍ የሚጎትቱ 44 ዝሆኖች መጡ። ዙላ ላይ ወደብ ተሠራ፣ የባቡር ሐዲድም ተዘረጋ።

ከዚህ ጦር ጋር እነማን እንደመጡ ነው ማየት ያለባችሁ።

አንደኛው ሄንሪ ሞርተን ስታንሊ ነው። አዎ፣ ያ በ1871 ሊቪንግስተንን ያገኘው ሰውዬ። ያን ጊዜ ገና ስሙ ያልታወቀ የ«ኒውዮርክ ሄራልድ» ጋዜጠኛ ነበር። ዌልስ ውስጥ የድሆች ማደሪያ ቤት ያደገ፣ የተወለደበትን ስም የቀየረ፣ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ለሁለቱም ወገን የተሰለፈ ሰው ነው፤ ልብ ወለድ ላይ ብታገኙት «አሁንስ ደራሲው አበዛው» ትላላችሁ። ወደ ሐበሻ ከመምጣቱ በፊት ስዊዝ ላይ የቴሌግራፍ ኃላፊውን በገንዘብ ያዘው። መቅደላ ስትወድቅ የስታንሊ ዜና ከሁሉም ቀድሞ አለፈ፣ ከዚያም የባሕሩ ገመድ ተበላሸ። ለንደን የራሷን ጦር ድል ከመንግሥቷ ሪፖርት በፊት ከአሜሪካ ጋዜጣ ሰማች። የስታንሊን ዝና የጀመረችው መቅደላ ናት። ዝናው ኋላ ለንጉሥ ሊዮፖልድ ኮንጎን ወደ ማቅናት ወሰደው፤ ኮንጎዎች የከፈሉትን የምታውቁ ታውቃላችሁ።

ሁለተኛው ጆርጅ አልፍሬድ ሄንቲ ነው፤ የ«ስታንዳርድ» ጋዜጣ ዘጋቢ። ይህን ሰው ዛሬ ብዙ ሰው አያውቀውም፣ በዘመኑ ግን የእንግሊዝ ወንድ ልጅ ሁሉ የእሱን መጽሐፍ እያነበበ ነው ያደገው። ከመቅደላ ሲመለስ የዘመቻውን ታሪክ ጻፈ፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ ለልጆች ከመቶ በላይ የጀብዱ ልብ ወለድ አሳተመ። ቀመሩ አንድ ነው። ዐሥራ አምስት ዐሥራ ስድስት ዓመት የሆነው ደፋር እንግሊዛዊ ልጅ ከአንድ ታላቅ ጄኔራል ጋር ወደ ሩቅ አገር ይዘምታል፣ ይማረካል፣ ያመልጣል፣ ጀግና ሆኖ አገሩ ይገባል። የአገሬው ሰው ወይ ታማኝ አሽከር ነው ወይ አረመኔ። ሙር የሚቀልድበት ዓለም ይኼ ነው እንግዲህ፣ ካንድ አብሳዩ ጋር አሮጌ ላይ ተገናኝተናል።

ሦስተኛው ክሌመንትስ ማርካም የዘመቻው የጂኦግራፊ ባለሙያ ነበር። ቀደም ብሎ የወባ መድኃኒት የሚሠራበትን የሲንኮና ተክል ከፔሩ አውጥቶ ሕንድ ያስተከለ ሰው ነው። ኋላ የእንግሊዝ ንጉሣዊ ጂኦግራፊ ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆኖ ካፒቴን ስኮትን ወደ አንታርክቲካ የላከውም እሱ ነው። ጌርሃርድ ሮልፍስ ደግሞ ከትሪፖሊ እስከ ሌጎስ አፍሪካን አቋርጦ ገና መመለሱ ነበር። ስዊሱ ሙንዚንገርም ነበረ፤ ከሰባት ዓመት በኋላ ለግብፅ ሲዘምት በራሳችን ስምጥ ሸለቆ፣ አውሳ ላይ፣ አፋሮች ገድለውታል።

ከእስረኞቹ መሐልስ? ሆርሙዝ ራሳም አለላችሁ። ሞሱል የተወለደ አሦራዊ ነው። የእንግሊዝ መልእክተኛ ሆኖ እስረኞቹን ሊያስፈታ መጥቶ እሱም ታሠረ። ከዚያ በፊት፣ በ1853፣ ነነዌን ሲቆፍር የንጉሥ አሹርባኒፓልን የሸክላ መጻሕፍት ያወጣ ሰው ነው፤ ከእነዚያ ሸክላዎች ውስጥ ነው በኋላ የጊልጋሜሽ ታሪክ የተነበበው። የዓለምን ጥንታዊ የጀግና ታሪክ ከመሬት ያወጣ ሰው መቅደላ አምባ ላይ በሰንሰለት ታስሮ ሁለት ዓመት ያህል ተቀመጠ! ይህን ሙር ቢጽፈው ማን ያምነዋል?

የመጨረሻው ካፒቴን ትሪስትራም ስፒዲ ነው። ቁመቱ ወደ ሁለት ሜትር የሚጠጋ፣ ጺሙ ቀይ፣ አማርኛ የሚናገር። ቀደም ሲል ለራሳቸው ለቴዎድሮስ ወታደር አሠልጥኗል፤ «ባሻ ፈለቀ» የሚል ስምም ነበረው። ናፒየር አስተርጓሚ ሲፈልግ ከኒውዚላንድ ድረስ አስጠራው። ወደ እሱ እመለሳለሁ፣ የዚህ ጽሑፍ ከባዱ ነገር እሱ ጋ ነው ያለው።

ማኅበሩ እንግዲህ ይኼ ነው። የጽዋ ማኅበር ቢሆን ኖሮ ጠላው የሚደርሳቸው አይመስለኝም።

የተደረገውን ታውቁታላችሁ። የስቅለት ዕለት አሮጌ ሜዳ ላይ በአዲሱ የስናይደር ጠመንጃና በሮኬት ፊት የቴዎድሮስ ጦር በመቶዎች ረገፈ፤ ፊታውራሪ ገብርዬም እዚያው ወደቀ። በፋሲካ ማግስት፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ መቅደላ ተሰበረች፤ ንጉሡም ንግሥት ቪክቶሪያ በስጦታ በላከችላቸው ሽጉጥ ራሳቸውን ሠዉ።

ከዚያ ዝርፊያው መጣ። 15 ዝሆንና ወደ 200 የሚጠጋ በቅሎ ጭነት ነው የወረደው። ደላንታ ሜዳ ላይ ሁለት ቀን ጨረታ ተካሄደ። ከጨረታው ዋና ገዢዎች አንዱ ሪቻርድ ሆምስ የብሪቲሽ ሙዚየም ሠራተኛ ነበር፤ ለዚሁ ተብሎ ከጦሩ ጋር ተልኮ ነው የመጣው። ወደ 350 የሚጠጉ የብራና መጻሕፍት ሙዚየሙ ገቡ። ከእነሱ ውስጥ ክብረ ነገሥት ነበረበት።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል፣ ወደ ኳተርሜይን የሚወስደው መንገድ በዚህ ያልፋል።

ክብረ ነገሥት ማለት የንግሥተ ሳባና የሰለሞን መጽሐፍ ነው። አፄ ዮሐንስ በ1872 «ይህ መጽሐፍ ከሌለ ሕዝቤ አይታዘዝልኝም» የሚል መንፈስ ያለው ደብዳቤ ጽፈው እንዲመለስ ጠየቁ፤ ሙዚየሙ ሁለት ቅጂ ስለነበረው አንዱን መለሰ። ከተዘረፈው ሁሉ በቶሎ ከተመለሱት ጥቂት ነገሮች አንዱ ነው። ከዚያ ከዐሥራ ሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1885፣ ሄንሪ ራይደር ሃጋርድ «የንጉሥ ሰለሞን ማዕድን»ን አሳተመ። ወንድሙ «ትሬዠር አይላንድን የሚያህል መጽሐፍ አትጽፍም» ብሎት ተወራርደው ነው የጻፈው ይባላል። ኳተርሜይን የተወለደው በዚህ መጽሐፍ ነው። ነጭ አዳኞች ወደ አፍሪካ እምብርት ገብተው የሰለሞንን አልማዝ ይፈልጋሉ፤ የሚያልፉባቸው ሁለት ተራሮች በንግሥተ ሳባ ስም ተሰይመዋል። ሃጋርድ ክብረ ነገሥትን አንብቦ ነው የጻፈው እያልኩ አይደለም። እሱ የኖረው ደቡብ አፍሪካ ነው፣ ያኔ ስለ ታላቋ ዚምባብዌ ፍርስራሽ «የሳባ ንግሥት የሠራችው ነው» ይወራ ነበር፤ አፍሪካውያን ይህን ሊሠሩ አይችሉም ከሚል ግምት የመጣ ወሬ ነው። እኔ የምለው ሌላ ነው። ሳባን የራሱ ታሪክ አድርጎ የጻፈው አገር መጽሐፉን ለማስመለስ ደብዳቤ ሲጽፍ፣ መጽሐፉን የወሰደው አገር ደግሞ በሳባ ስም ለልጆቹ የአልማዝ ተረት ጻፈላቸው። ጀብዱ የሚባለው የሥነ ጽሑፍ ዘርፍ በእኔ ንባብ ከዚህ ብዙ አይርቅም።

ስም መስጠትም የዚህ ጀብዱ አንዱ ክፍል ነው። እዚህ ላንጋኖ ዳር ሆኜ ስጽፍ ሐይቃችን የራሱን ስም ይዞ መቅረቱን እንደ ዕድል ነው የማየው፤ እዚሁ ሸለቆ ውስጥ ወደ ደቡብ ስትወርዱ ጎረቤቶቹ ያን ያህል አልቀናቸውም። አባያን ጣሊያናዊው ቦተጎ በ1896፣ ያውም በአድዋው ዓመት፣ በንግሥታቸው በማርጋሪታ ስም ሰየመው። (በዓመቱ ወለጋ ውስጥ ተገደለ።) ቱርካናን ሃንጋሪያዊው ዝሆን አዳኝ ካውንት ቴሌኪ በ1888 በኦስትሪያው አልጋ ወራሽ ስም ሩዶልፍ አለው፤ ጨው ባሕርን ደግሞ በልዑሉ ሚስት ስቴፋኒ ብሎ ጠራው። ሩዶልፍ ሐይቁን በዓይኑ ሳያይ በዓመቱ ሞተ። ስሙ ግን እስከ 1975 ካርታ ላይ ቆየ።

ወደ ስፒዲ ልመለስ። ከመቅደላ ከወረዱት ሰዎች መካከል እቴጌ ጥሩወርቅና የሰባት ዓመት ልጃቸው ዓለማየሁ ነበሩ። እቴጌይቱ መንገድ ላይ ሞቱ። ልጁን ስፒዲ ያዘው። አማርኛ የሚያናግረው እሱ ብቻ ስለነበር ልጁ ከእሱ አልለይም አለ፤ ማታ አጠገቡ ካልተኛ እንቅልፍ አይወስደውም ነበር ይባላል። በዚያው ክረምት እንግሊዝ ደረሱና ዋይት ደሴት ላይ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን የምትባል ስመ ጥር ፎቶ አንሺ አነሳቻቸው። ፎቶውን ኢንተርኔት ላይ ታገኙታላችሁ። ትልቁ እንግሊዛዊ የሐበሻ ልብስ ለብሶ፣ ትንሹ ልጅ አጠገቡ፤ የልጁ ዓይን ካሜራውን አያይም።

አሁን ካፒቴን ኔሞን አስታውሱት። ዡል ቬርን በ1870 ባወጣው መጽሐፍ የኔሞ አገር አይታወቅም። «ሚስጢራዊው ደሴት» በ1874 እና 75 ሲወጣ ነው ማንነቱ የተገለጠው። ዳካር የሚባል የሕንድ ልዑል ነው፤ ገና በዐሥር ዓመቱ ለትምህርት ወደ አውሮፓ ተልኳል፣ ሲመለስ እንግሊዝን ተዋግቷል፣ ቤተሰቡን አጥቷል፣ ከዚያ ባሕር ውስጥ ገብቶ ዓለምን ክዷል። ሙርና ኦኒል ይህን አልረሱትም። ማኅበሩ ውስጥ ያለው ኔሞ ጥምጣም የጠመጠመ፣ እንግሊዝን የሚጠላ ሕንዳዊ ነው፤ ከነጥላቻው ለእንግሊዝ ይሠራል። ለእኔ ከመጽሐፉ ሁሉ የሚከብደው ገጸ ባሕሪ እሱ ነው።

ቬርን ያን መጽሐፍ ባሳተመባቸው ዓመታት አንድ እውነተኛ ልዑል፣ አባቱን በእንግሊዝ ጦርነት ያጣ፣ የዐሥራ ሦስት ዐሥራ አራት ዓመት ልጅ፣ እንግሊዝ አገር ትምህርት ቤት ውስጥ ነበር። ዓለማየሁ። መጀመሪያ ከስፒዲ ጋር ሕንድ ሄዶ ነበር፤ መንግሥት ግን ልጁ እንግሊዝ ይማር ብሎ ለያያቸው። ቼልተናም፣ ከዚያ ራግቢ፣ ከዚያ ሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤት ገባ። የራግቢ ልጅ ማለት የሄንቲ መጽሐፍ የሚጻፍለት ልጅ ማለት ነው። እስኪ አስቡት! ስለ ጦርነት ጀብዱ የሚያወሩ ልጆች መሐል ተቀምጦ እሱ ራሱ የጀብዱው ምርኮ ነው። ኔሞ መርከብ ነበረው። እሱ ምንም አልነበረውም።

ኅዳር 1879 ሊድስ አጠገብ ሄዲንግሊ ላይ፣ በመምህሩ በሳይረል ራንሰም ቤት ሆኖ በሳንባ ሕመም ሞተ። 18 ዓመቱ ነበር። ንግሥት ቪክቶሪያ ዊንዘር፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ጸሎት አስቀበረችው። መቅደላ ላይ የብራና መጽሐፎቻችንን የገዛው ያ ሆምስ ያን ጊዜ እዚያው ዊንዘር የንግሥቲቱ የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ነበር።

ያ መምህር፣ ራንሰም፣ ከአራት ዓመት በኋላ ወንድ ልጅ ወለደ። አርተር ራንሰም። አድጎ በ1930 «ስዋሎውስ ኤንድ አማዞንስ» የሚል መጽሐፍ ጻፈ፤ በጀልባ ሐይቅ ላይ እየቀዘፉ እኛ አሳሾች ነን እያሉ የሚጫወቱ ልጆች ታሪክ ነው፣ እንግሊዞች እስከ ዛሬ ለልጆቻቸው ያነቡታል። ይህን ሳውቅ ለብዙ ቀን ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። የአባቱ ተማሪ የነበረው የሐበሻ ልዑል ታሪክ በዚያ ቤት ይወራ ነበር ወይ ብዬ ማሰቤ አልቀረም።

ልዑሉ ከሞተ ከሠላሳ ዓመት በኋላ የሆነውን ደግሞ ስሙ። የካቲት 1910፣ ስድስት እንግሊዛውያን የሐበሻ ልዑላን ልዑክ ነን ብለው «ድሬድኖት» የተባለችውን የዘመኑን ታላቅ የጦር መርከብ ሊጎበኙ ሄዱ። አራቱ ፊታቸውን ጥቁር ተቀብተው፣ ጢም ለጥፈው፣ ጥምጣም ጠምጥመው ነበር። ከእነሱ አንዷ ኋላ ቨርጂኒያ ዎልፍ ተብላ የታወቀችው ደራሲ ናት። «አማርኛ» ብለው የሚያወሩት የተሰባበረ ላቲን ነበር። ባሕር ኃይሉ በክብር ተቀብሎ አስጎበኛቸው፣ የእኛን መዝሙር ቢያጣ የዛንዚባርን አሰማላቸው። እንግሊዞች ይህን እንደ ታላቅ ቀልድ ነው የሚያወሩት፤ ባሕር ኃይሉን ማዋረዱ እኔንም ያስቀኛል፣ አልዋሽም። ግን እውነተኛው የሐበሻ ልዑል በራሳቸው የጦር ትምህርት ቤት በር ያለፈ አልነበረም እንዴ? ያን ልጅ ማንም አላስታወሰውም።

እዚህ ላይ አስተያየት መስጫው ውስጥ ገብታችሁ እንደምታለቅሱ አውቃለሁ። በየዓመቱ ሚያዝያ ሲመጣ የዓለማየሁን ፎቶ እንለጥፋለን፣ «ልጃችንን መልሱ» እንላለን፣ እናልፋለን። ጥያቄው ትክክል ነው። በ2023 ቤተ መንግሥቱ አፅሙን አልመልስም ብሏል፣ በዚያው ዓመት ግን በስፒዲ ዘመዶች እጅ የቆየ የልጁ ጠጉር ቁራጭ ለንደን ላይ ለኢትዮጵያ ተሰጥቷል። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ዓለማየሁ ለእኛ የሚታዘንለት ፎቶ ብቻ ሆኖ መቅረቱ ነው። ሕንዱን ልዑል ፈረንሳዊ ደራሲ ካፒቴን አደረገው። የእኛን ልዑል ማን ምን አደረገው?

ደግሞ ስንጽፍ በደንብ እንጻፍ። ታሪክ ሳስተምር ተማሪ የሚቆጣብኝ እዚህ ላይ ነው። ቴዎድሮስ ጀግና ናቸው፤ በዚያው ሳምንት ደግሞ በመቶ የሚቆጠሩ የአገራቸውን እስረኞች ከገደል አስወርውረዋል፣ ያንንም መቅደላ የነበሩ ሰዎች መዝግበውታል። ምኒልክ በ1865 ከመቅደላ ሲያመልጡ የወሎዋ ኦሮሞ ንግሥት ወርቂቱ ተቀብላ አሳለፈቻቸው። ልጇ ግን መቅደላ ላይ በቴዎድሮስ እጅ ነበር፤ ንጉሡ በንዴት ገደሉት። ከሦስት ዓመት በኋላ እንግሊዞች ሲመጡ ወርቂቱና ተቀናቃኟ መስተዋት በየራሳቸው ጦር አምባውን ከብበው ቴዎድሮስን መውጫ አሳጧቸው። ሁለት የሚጠላሉ ንግሥቶች፣ ልጇን ያጣች እናት፣ መሐል ላይ አንድ የቆሰለ ንጉሥ፣ ከታች የሚመጡ ዝሆኖች። የእንግሊዝ ዘጋቢዎች እነዚህን ሴቶች በአንድ ሁለት ገጽ አልፈዋቸዋል። የእኛም መማሪያ መጻሕፍት ከዚያ ብዙ አልራቁም። ሚና አንገቷን በሻርፕ ሸፍና ማኅበር መራች ብለን ከምንደነቅ ወርቂቱን ብንሥላት ምን አለበት?

መሣል ደግሞ ተጀምሯል። እታን ኮሚክስ «ጀምበር» የሚል ኮሚክ በ2018 በአማርኛና በእንግሊዝኛ አውጥቷል፤ ከዚያ «ሐዊ» መጣች፣ ስሟን የእኛ አካባቢ ሰው ሳይተረጎምለት ይረዳዋል። የዘመናችን ልዕለ ጀግኖች ናቸው፣ ተማሪዎቼም ይወዷቸዋል። 1860 ዓ.ም. ግን ገና ባዶ ገጽ ነው።

ስለዚህ ሰሞኑን ለዐሥረኛ ክፍል ልጆች የቤት ሥራ ሰጠሁ። ጊዜው 1868፣ ቦታው ከዙላ እስከ መቅደላ። አምስት ሰው የያዘ የእኛን ማኅበር አቋቁሙ፣ ከታሪክም ከልብ ወለድም መውሰድ ይቻላል፣ ለምን እንደመረጣችሁ ተከራከሩ።

ወርቂቱ ያለ ተቃውሞ አለፈች። ገብርዬን ወንዶቹ ሁሉ መረጡት፣ አሮጌ ላይ የሞተ ነው ስላቸው «ኳተርሜይንም ሞቶ ነው የመጣው» አሉኝ፤ ለካ መጽሐፉ ክፍል ውስጥ ተዟዙሯል። አንዷ ተማሪ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1908 ካሳተመው የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ጦቢያን አመጣች፣ የወንድ ልብስ ለብሳ የምትጓዘዋን፤ «ሰላይ ትሆናለች» አለች። ራሳምን ያስገባው ልጅ ምክንያቱን ሲጠየቅ «እስረኛ ነው፣ ሁለቱንም ወገን ያውቃል» ብሎ ተቀመጠ፤ ከዚህ የተሻለ መልስ እኔም የለኝም። ዓለማየሁን ያመጣችው ልጅ የሰባት ዓመት ልጅ አድርጋ አላመጣችውም። ታሪኩን ወደ 1879 ወስዳ የዐሥራ ስምንት ዓመት ወጣት፣ ከሳንድኸርስት በሌሊት አጥር ዘሎ የሚወጣ አድርጋ ነው የጻፈችው። የት ሊሄድ ነው ስላት «ገና አልወሰንኩም ቲቸር» አለችኝ።

ክፍሉ የተጣላው በስፒዲ ነው። ግማሹ ከጠላት ጋር የመጣ ነው፣ ከማኅበራችን ይውጣ አለ። ግማሹ ደግሞ አማርኛ ይችላል፣ ልጁም ያለ እሱ አይተኛም፣ ይግባ አለ። ደወል ተደወለና ሰኞ ይቀጥላል ተባብለን ተለያየን።